አባቴም እህቴም በጨጓራ ካንሰር ሞቱ፤ ቀጣዩ እኔ ነኝ?

ጥያቄ፦ የመንዝ ሰው ነኝ፤ የምኖረው መሐል ሜዳ ነው። አባቴ በ47 ዓመቱ በጨጓራ ካንሰር አረፈ። አምና ደግሞ ታላቅ እህቴ በ38 ዓመቷ በዚሁ በሽታ ተለየችን። ጎረቤት “በዘር የመጣ ነው” ይላል። እኔ 33 ዓመቴ ነው፤ ሁለት ልጆች አሉኝ። ምንም አያመኝም፤ ግን እህል በቀመስኩ ቁጥር ሆዴን አዳምጣለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ያጽናዎት። በሁለት ሐዘን መሀል ሆነው ይህን መጠየቅዎ ለልጆችዎም ይጠቅማል።

አብዛኛው የጨጓራ ካንሰር በዘር አይወርድም። በዘር የሚመጣው ከ100 ሕመምተኞች ከ1 እስከ 3 በሚሆኑት ላይ ነው። አንድ ቤተሰብ ደጋግሞ ሲታመም ሌላም ምክንያት ይኖራል። “የጨጓራ ባክቴሪያ” የምንለው ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ብዙ ጊዜ በልጅነት፣ ከቤት ሰው ይያዛል። የጨጓራ ካንሰር ዋና መንስኤም እሱ ነው።

የእርስዎ ቤት ታሪክ ግን ያሳስበኛል። ሁለት ሰው፣ ሁለቱም ከ50 ዓመት በታች። እንዲህ ሲሆን ሲዲኤች1 የሚባለውን ጂን እንጠረጥራለን። ጂኑ ሲበላሽ የጨጓራ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀው በ1998 እ.ኤ.አ. በኒውዚላንድ፣ ብዙ ሰው በዚህ ካንሰር ባለቀበት አንድ የማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ቤተሰብ ውስጥ ነው። የመንዝን የድንጋይ ቤት ያስቡ። ድንጋዩን ከድንጋይ የሚያያይዘው ጭቃው ነው። ይህ ጂንም የጨጓራን ሕዋሳት የሚያያይዘውን “ጭቃ” ያሠራል። ጂኑ ሲበላሽ ሕዋሳቱ ይላቀቁና በጨጓራው ግድግዳ ውስጥ ይበተናሉ። እብጠት ስለማይሠሩ በኢንዶስኮፒም (በአፍ በሚገባ ካሜራ ጨጓራን በማየት) ሊያመልጡ ይችላሉ።

የተበላሸውን ጂን የያዘ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ የሚያወርሰው በ50 በመቶ ዕድል ነው፤ ወንድም ሴትም እኩል። ስለዚህ አባትዎ ኖሮባቸው እንኳ እርስዎ ነፃ ሊሆኑ ይችላሉ። ነፃ ከሆኑ ልጆችዎም በዚህ መንገድ አይወርሱትም። ጂኑ ያለበት ሁሉም ሰው አይታመምም፤ ስጋቱ ግን ከፍተኛ ነው። ሴቶች ላይ የጡት ካንሰርንም ያመጣል፤ ሌሎች እህቶች ካሉዎት ይህን ይንገሯቸው።

መጀመሪያ እህትዎ የታከመችበት ሆስፒታል ሄደው የባዮፕሲ (ከጨጓራዋ ተቆርጦ የተመረመረው ናሙና) ውጤቷን ይጠይቁ። ወረቀቱ ላይ “ዲፊዩዝ” ወይም “ሲግኔት ሪንግ” የሚል ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ወረቀቱን ይዘው ደብረ ብርሃን የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ይቅረቡና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ያስጽፉ። የጂን ምርመራው በደም ወይም በምራቅ ነው፤ በየሆስፒታሉ ግን አይሠራም። ጂኑ ከተገኘ ሐኪሞች ካንሰሩ ሳይጀምር ጨጓራን ሙሉ በሙሉ ማውጣትን ሊመክሩ ይችላሉ። ከባድ ውሳኔ ነው። ያለ ጨጓራ ግን ይኖራል፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ እየበሉ፣ የቫይታሚን ቢ12 መርፌ እየወሰዱ።

እስከዚያው የጨጓራ ባክቴሪያ ይመርመሩ። ካለብዎት መድኃኒቱን አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀን ይወስዳሉ፤ ቀለል ሲልዎት እንዳያቋርጡት። በተልባ ብቻ አይለፉት። ጥቂት በልተው የሚጠግቡ፣ ያለ ምክንያት የሚከሱ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ የሚጠቁር ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።

ልጆችዎን አሁን ማስመርመር አያስፈልግም። ቀድመው የሚመረመሩት እርስዎ ነዎት።