ኔትወርክ ሲቋረጥ መዝገቡ እንዳይዛባ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ በባቲ የሰኞ ገበያ በሦስት ስልኮች እየመዘገብን ማሽላ እንሸጣለን። ኔትወርክ ሲመለስ የመጋዘኑ ቀሪ አይገጥምም።

መልስ፦ ስልኮቹ የሚልኩት ቀሪውን ከሆነ ችግሩ እዚያ ነው። 40 ኩንታል ነበር እንበል። አንዱ 5 ሸጦ «ቀሪ 35» ይላል፤ ሌላው 8 ሸጦ «ቀሪ 32» ይላል። ኋላ የደረሰው የቀደመውን ይደመስሰዋል፤ እውነተኛው ቀሪ ግን 27 ነው። ስልኩ የተደረገውን ብቻ ይላክ፦ «5 ወጣ»፣ «8 ወጣ»። ስሌቱን ሰርቨሩ (የሁሉንም ስልኮች መረጃ የሚቀበለው ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ይሥራው፤ ማንም ቀድሞ ቢደርስ ድምሩ አይለወጥም።

ጥያቄ፦ ሁለታችንም የመጨረሻውን ኩንታል ብንሸጠውስ?

መልስ፦ ዋናው ፈተና ይህ ነው። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ኤሪክ ብሩወር እ.ኤ.አ. በ2000 የሰነዘረውን ሐሳብ ተመራማሪዎቹ ጊልበርትና ሊንች እ.ኤ.አ. በ2002 በሒሳብ አረጋግጠውታል፤ መስመር ሲቋረጥ ፍጹም ወጥነትንና (ሁሉም ስልክ አንድ ዓይነት መረጃ ማየቱንና) ያልተቋረጠ አገልግሎትን አንድ ላይ ማግኘት አይቻልም። ሁለቱንም እሰጣለሁ የሚል ሻጭ ቢመጣ አትመኑት። ሌላው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጂም ግሬይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1996 ያቀረቡት መፍትሔ በስልኩ ላይ ያለውን ምዝገባ ጊዜያዊ ያደርገዋል፤ መስመር ሲመለስ ሰርቨሩ እንደገና ፈጽሞ ያጸድቀዋል ወይም ከነምክንያቱ ይመልሰዋል። ለቀጠሮ ወይም ለትእዛዝ መልካም ነው። ተጭኖ የሄደን እህል ግን ማን ይመልሰዋል? ስለዚህ ለእናንተ የምመክረው ድርሻን ነው፦ ጠዋት ኔትወርክ ባለበት 40ውን 15፣ 15 እና 10 አድርጋችሁ ለስልኮቹ አካፍሉ። ማንም ከድርሻው በላይ እንዳይሸጥ ፕሮግራሙ ይከልክል። አንዱ ጋር ማሽላ ተርፎ ሌላው ገዢውን ባዶ እጁን ሊመልስ ይችላል፤ የሌለ እህል ከመሸጥ ግን ይሻላል።

ጥያቄ፦ አንድ ሽያጭ ሁለቴ ይመዘገብብናል።

መልስ፦ ሰርቨሩ መዝግቦታል፤ የጠፋው «ደርሷል» የሚለው ምላሽ ነው፤ ስልኩም ያልደረሰ መስሎት ደግሞ ይልከዋል። ስልኩ ለእያንዳንዱ ሽያጭ ገና ሲመዘገብ የማይደገም መለያ ይስጠው፤ ደግሞ ሲልክም ያንኑ ይጠቀም። ሰርቨሩ ያየውን መለያ ዳግም አይመዝግብ።

ጥያቄ፦ በደላንታ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ። የሁለት ታብሌቶች መረጃ ሲጋጭ በሰዓት የኋለኛው ይጽና?

መልስ፦ አይሆንም፣ እህቴ። ሰዓቱ በእጅ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ ታብሌት ከሌላው በ6 ሰዓት ይለያል፤ የቆየው መረጃ አዲሱን ሊያጠፋው ነው። ሰርቨሩ ለእያንዳንዱ መዝገብ በታረመ ቁጥር የሚጨምር የእትም ቁጥር ይስጥ። እርስዎ ያረሙት 7ኛውን ሆኖ ሰርቨሩ 8 ላይ ከደረሰ ሁለቱንም ያሳይዎትና እርስዎ ይወስኑ። ክትባት ደግሞ በአዲስ መስመር ይጨመር እንጂ በቀድሞው ላይ አይጻፍ። የሕፃን ክትባት በዝምታ መጥፋት የለበትም።

ጥያቄ፦ ታብሌቱ መሐል ላይ ቢዘጋስ?

መልስ፦ መረጃውንና ወደ ሰርቨር የሚላከውን መልእክት በአንድ ትራንዛክሽን ያስቀምጡ፤ ወይ ሁለቱም ይገኛሉ፣ ወይ ሁለቱም አይኖሩም። ኤስኪውላይት የተባለው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ይህን በታብሌቱ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሠራል።