ልብስ ማድረቂያ ማሽን ለምን ይዘገያል? ስለ አየር ፍሰት ብልሽት የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በአዳማ ከተማ የቤት ዕቃ በመጠገን ሥራ ላይ ስቆይ፣ «ማሞቂያው ተቃጥሏል» ተብለው ከመጡልኝ የልብስ ማድረቂያ ማሽኖች ብዙዎቹ ማሞቂያቸው ደህና ሆኖ የአየር መንገዳቸው የተዘጋ ነበር። ሙቀት ውሃውን ከጨርቁ ያላቅቀዋል እንጂ ከማሽኑ አያስወጣውም፤ የሚያስወጣው አየር ነው። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ የሚነሡት ከዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ማድረቂያችን ቀድሞ በ50 ደቂቃ ያደርቀው የነበረው አንሶላ አሁን ከ2 ሰዓት በኋላም እርጥብ ሆኖ ይወጣል። በሩን ስከፍተው ግን ውስጡ ይፋጃል። ረዚስታንሱ (ማሞቂያው) ደክሞ ይሆን?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ውስጡ የሚፋጅ ከሆነ ማሞቂያው ሥራውን እየሠራ ነው። ቬንትሌተሩ፣ ማለትም የአየር ማራገቢያው፣ የክፍሉን አየር ስቦ በማሞቂያው ላይ ያሳልፈዋል፤ የሞቀው አየር በሚሽከረከረው ድራም ውስጥ በልብሱ መካከል አልፎ፣ የጨርቁን ብናኝ በማጣሪያው ላይ ጥሎ፣ በቱቦው ወደ ውጭ ይወጣል። ከዚህ መንገድ አንዱ ቦታ ሲጠብ ሙቀቱ እዚያው ይታመቅና ቴርሞስታቱ (የሙቀት መቆጣጠሪያው) ማሞቂያውን ያጠፋዋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ መልሶ ያበራዋል። ስለዚህ ማሽኑ 2 ሰዓት ሙሉ ቢዞርም ማሞቂያው የበራበት ጊዜ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው።

መጀመሪያ ማጣሪያውን ያጽዱ። ቀጥሎ ማሽኑን አስነሥተው ቱቦው ከግድግዳ በሚወጣበት ቦታ መዳፍዎን ያስቀምጡ፤ አየሩ ሞቅ ያለ፣ እርጥበት ያለውና እጅዎን ገፋ የሚያደርግ መሆን አለበት። ደካማ ከሆነ ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ቱቦውን ከጀርባው ያላቁት፣ መስኮት ይክፈቱና ያለ ቱቦ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ያስነሡት። ከጀርባው የሚወጣው አየር ከበረታ ጥፋቱ የቱቦው ነው፤ እንደ ደከመ ከቀረ ግን ችግሩ ማሽኑ ውስጥ ነው። ይህ ሙከራ አንድ ሳንቲም አያስወጣም፤ ሳያደርጉት መለዋወጫ እንዳይገዙ አጥብቄ እመክራለሁ።

ጥያቄ፦ በነገሩኝ መሠረት ሞክሬ ጥፋቱ የቱቦው ሆኖ አገኘሁት። ቱቦው ከቁም ሣጥን ጀርባ የሚያልፍ፣ 6 ሜትር ያህል የሚረዝም፣ የተሸበሸበ ፕላስቲክ ነው። ማጠብ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፤ ይቀይሩት። የተሸበሸበ ቱቦ በእያንዳንዱ እጥፋት ብናኝ ይይዛል፤ ፕላስቲክ ደግሞ እሳት ቢነሣ አብሮ ይቀጣጠላል። በምትኩ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ ውስጡ ለስላሳ የሆነ የላሜራ ቱቦ ያስገጥሙ። በአሜሪካ የመኖሪያ ቤት ግንባታ ደንብ የቱቦው ጠቅላላ ርዝመት በመደበኛነት ከ10.7 ሜትር እንዳይበልጥ ተደንግጓል፤ እያንዳንዱ የ90 ዲግሪ መታጠፊያም እንደ 1.5 ሜትር ይቆጠራል። በዚህ ስሌት 6 ሜትር ርዝመትና 3 መታጠፊያ ያለው ቱቦ ወሰኑን ሊነካ ጥቂት ይቀረዋል፤ ያውም ለስላሳ ከሆነ ነው። ማሽኑን ወደ ውጭኛው ግድግዳ ማስጠጋት ከተቻለ ከሁሉ ይሻላል። ቱቦ ከቱቦ ሲያያዝም ጫፉ ወደ ውስጥ የሚዘልቅ ብሎን አይጠቀሙ፤ ብናኙ እዚያ ላይ መጠምጠም ይጀምራል።

ጥያቄ፦ ማጣሪያውን በየጊዜው አራግፋለሁ፤ ሲታይ ንጹሕ ነው። ሆኖም ቱቦውን ነቅዬም አየሩ ደካማ ነው።

መልስ፦ ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ ሥር ይያዙት። ውሃው ሳያልፍ ላዩ ላይ ከቆመ ወንፊቱ ለዓይን በማይታይ ቅባት ተደፍኗል ማለት ነው፤ ልብስ ለማለስለስ ወደ ድራሙ የሚጨመሩት ወረቀት መሰል ጨርቆች ይህን ቅባት ይተዋሉ። በሙቅ ውሃ፣ በሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ አጥበው ፈጽሞ ሲደርቅ ይመልሱት።

ጥያቄ፦ የሙቀት ፊውዙ በ3 ወር ውስጥ 2 ጊዜ ተቃጠለ። አንድ ሠራተኛ «ፊውዙን ትተን ገመዱን በቀጥታ እናገናኘው» አለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን በፍጹም አይፍቀዱ። የሙቀት ፊውዝ ቴርሞስታቱ ሳይቆጣጠረው ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን ለመቁረጥ የተቀመጠ የመጨረሻ መከላከያ ነው፤ አንዴ ከተቆረጠም ተመልሶ አይሠራም። ደጋግሞ መቃጠሉ አየር ታፍኗል ወይም ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል ማለት ነው፤ በቀጥታ ማገናኘት ደግሞ ምክንያቱን እንዳለ ትቶ ማስጠንቀቂያውን ብቻ ያስወግዳል። ደረቅ የጨርቅ ብናኝ እንደ ጥጥ የሚቀጣጠል ነገር ነው፤ ከማሞቂያው አጠገብም ይከማቻል። ልጆች በሚተኙበት ቤት ውስጥ ገመዱ በቀጥታ የታሰረ ማሽን ባየሁ ጊዜ እስኪስተካከል ድረስ እንዳይሠራ እለምናለሁ። አዲስ ፊውዝ ከመግጠምዎ በፊት የአየር መንገዱን ከመግቢያው እስከ መውጫው ያስጠርጉ፤ ቴርሞስታቱንም በቴስተር ያስለኩ።

ጥያቄ፦ ማሽኑን ወንድሜ ከአሜሪካ ከነትራንስፎርመሩ ልኮልኝ ነው። ይሠራል፤ ነገር ግን እዚያ ከነበረው ይልቅ ይዘገያል። ቱቦው አዲስና አጭር ነው።

መልስ፦ ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፤ ሄርዙን (ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ቁጥር) ግን አይቀይርም። የአሜሪካ መብራት 60 ሄርዝ ሲሆን የእኛ 50 ነው፤ በመሆኑም የማድረቂያው ሞተር ፍጥነት በአንድ ስድስተኛ ያህል ይቀንሳል። ቬንትሌተሩ የሚገፋው የአየር መጠን በዚያው ልክ ሲቀንስ፣ የመግፋት ጉልበቱ ግን ከዚያ የበለጠ፣ ወደ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በዚህ ላይ አዳማ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,700 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው፤ ሙቀትን ተሸክሞ የሚሄደው አየር ሲሳሳ ማሽኑ ቶሎ ይሞቃል፤ ቴርሞስታቱም ቶሎ ቶሎ ያጠፋል። ስለዚህ ማሽንዎ አልተበላሸም። ልብሱን በግማሽ ይቀንሱ፤ ሞተሩ ከልክ በላይ እየጋለ መሆን አለመሆኑንም በባለሙያ ያሳዩ፤ ለ60 ሄርዝ የተሠራ ሞተር በ50 ሲሠራ ይሞቃልና።

ጥያቄ፦ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ማሽናችን ይደክማል፤ የውጭው ክዳንም ይንኳኳል። ግንኙነት አለው?

መልስ፦ አለው። ከተማችን አጠገብ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። መውጫው ነፋሱን ፊት ለፊት የሚቀበል ከሆነ ነፋሱ አየሩን መልሶ ይገፋዋል። መውጫውን ወደ ሌላው ግድግዳ ያዙሩት፤ ካልተቻለ ወደ ታች የሚያይ የላሜራ ከለላ ያሠሩለት። ወፍ እንዳይገባ ብለው ግን ወንፊት አይግጠሙበት፤ ብናኙ በአጭር ጊዜ ይደፍነዋል።

ጥያቄ፦ ማሽኑ በሰርቪስ ቤት፣ በሩ ተዘግቶ ነው የሚሠራው። ግድግዳው ያልበዋል።

መልስ፦ ቱቦው ወደ ውጭ ካልወጣ ወይም ከተላቀቀ የልብሱ ውሃ ሁሉ ግድግዳው ላይ ያርፋል፤ በማጠቢያ ማሽን በደቂቃ 1,000 ዙር የተጨመቀ 5 ኪሎ ልብስ ወደ 3 ሊትር ውሃ ይዟል። ማሽኑ ቱቦ አልባ፣ ውሃውን በጎድጓዳ ዕቃ የሚያጠራቅም ዓይነት ከሆነ ደግሞ ከታች ያለውን የማቀዝቀዣ ክፍል አውጥተው በውሃ ያጥቡት። የሰርቪስ ቤቱንም በር ከፈት ያድርጉ፤ አየር የማያገኝ ማሽን አየር ሊያስወጣ አይችልም። ማሽኑ አየር በሚስብበት ክፍል ውስጥ ከሰል ማቀጣጠልም አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ድራሙ ይዞራል፤ ከኋላ ግን ምንም አየር የለም፤ የመፋጨት ድምፅ አለ።

መልስ፦ ወይ ካልሲ ወደ ቬንትሌተሩ ገብቷል፣ ወይ የቬንትሌተሩ ፕላስቲክ እምብርት ተበልቶ በዘንጉ ላይ ይንሸራተታል። ሁለቱም ማሽኑ ተፈትቶ የሚሠሩ ናቸው፤ እስከዚያ ድረስ አያስነሡት።

ጥያቄ፦ ከተጠገነ በኋላ በትክክል መስተካከሉን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ በሚዛን። እርጥቡን ልብስ ይመዝኑ፤ ለ1 ሰዓት አድርቀው መልሰው ይመዝኑ፤ ልዩነቱ የወጣው ውሃ ነው፤ 1 ኪሎ 1 ሊትር ማለት ነው። 2,000 ዋት የሆነና ወደ ውጭ የሚተነፍስ ማሽን በዚያ ጊዜ ወደ 2 ሊትር ሊጠጋ ይገባል። ከ1 ሊትር በታች ከሆነ አየሩ አሁንም የሆነ ቦታ ተይዟልና ወደ መዳፍ ሙከራው ይመለሱ።