«በራሳቸው ጥያቄ ተዛወሩ» ብለሽ ጻፊ ተባልኩ

ውድ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጎጃም ውስጥ፣ በጤናው መዋቅር ሥር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ነኝ። መሥሪያ ቤቱንም ከተማውንም ባልጠራ ይሻለኛል፤ እዚህ ሁሉም ይተዋወቃል።

ከሥራዎቼ አንዱ የሠራተኛ ዜና ማዘጋጀት ነው። ማን ተቀጠረ፣ ማን ተዛወረ፣ ማን የደረጃ ዕድገት አገኘ፣ ማን ጡረታ ወጣ፣ ማን ተዳረ፣ የማን ቤት ለቅሶ አለ። በየሩብ ዓመቱ አራት ገጽ ሆኖ ይባዛል፣ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ መኪና ሲገኝ ደግሞ ከመድኃኒቱና ከደብዳቤው ጋር ወደ ወረዳዎችና ጤና ጣቢያዎች ይሄዳል። የቴሌግራም ግሩፕም አለን። ነገር ግን ኔትወርክ በሚጠፋባቸው ወራት ቆላ ላሉት ባለሙያዎች የሚደርሳቸው ወረቀቱ ብቻ ነው። የሥራ ጓደኞቼ ማን ያነበዋል እያሉ ይስቁብኛል። እኔ ግን እወደዋለሁ። አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ደረጃ አራት ተምራ ስትመረቅ ስሟን ስላወጣሁት ወረቀቱን ቆርጣ ጤና ኬላው ግድግዳ ላይ እንደለጠፈችው ሰምቻለሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልምጣ። ሰኔ መጨረሻ ላይ ስድስት የዝውውር ደብዳቤዎች ወጡ። ከተዛወሩት አንዱ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በተጀመረበት ሰሞን፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ሲመደቡ፣ ከጮቄ ግርጌ እስከ ዓባይ ቆላ በእግርም በበቅሎም እየዞሩ ልጆቹን ሥራ ያስያዙ ናቸው። እኔም አዲስ ስገባ ስለ ጤና የማውቀው ነገር ስላልነበረ ሪፖርት ማንበብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ገደማ ቀርቷቸዋል። ከቡድን መሪነት ተነሥተው ዓባይ በረሃ ዳር ወዳለ ጤና ጣቢያ ተመደቡ።

ሁላችንም ምክንያቱን እናውቀዋለን። በግማሽ ዓመቱ ግምገማ ላይ ተነሥተው፣ በሪፖርት የቀረበው የክትባት ቁጥር ጤና ኬላው ካለው መዝገብ ጋር አይገናኝም ብለው ተናገሩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከዚያ ቀን በኋላ ስብሰባ መጠራታቸው ቀረ።

የዝውውር ደብዳቤያቸው የሚለው «ለሥራው ውጤታማነት ሲባል» ነው። ኃላፊዬ ግን ረቂቄን አይተው፣ የሌሎቹን እንዳለ ትተው፣ የእሳቸው ላይ «በራሳቸው ጥያቄ ብለሽ ጨምሪበት» አሉኝ። ምክንያታቸውን ስጠይቅ፣ «ለእሳቸውም ክብር ነው፤ ተገፍተው ሄዱ ከሚባል ይሻላል» አሉ። ለጋሼ ሄጄ ነገርኳቸው። ፈገግ ብለው፣ «የታዘዝሽውን ጻፊ ልጄ፤ ለእኔ ብለሽ ከሰው አትጣዪ» አሉኝ። ባለቤቴም አርፈሽ እንጀራሽን ብዪ ይለኛል። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። በሌላ ስም አካውንት ከፍቼ እውነቱን ግሩፑ ላይ ልጻፈው ወይ እስከ ማለት ደርሻለሁ።

ምን ላድርግ?

ግራ የገባት፣ ከጎጃም

---

እህቴ፣

አትጻፊው። ግሩፑም ላይ አትጻፊ። ሁለተኛውን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

አንቺ ነገሩን የእውነትና የሐሰት ጉዳይ አድርገሽ ይዘሽዋል፤ ልክ ነሽ። እኔ ግን ዕድሜዬን የጨረስኩት ሠራተኛ አስተዳደር ውስጥ ስለሆነ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ የታየኝ የጋሼ ጓዝ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለሥራው ፈልጎ ያዛወረው ሠራተኛ የራሱንና የቤተሰቡን መጓጓዣ፣ የዕቃውንም ማጓጓዣ ከመሥሪያ ቤቱ ይጠይቃል። ራሱ አመልክቶ የሄደ ሠራተኛ ግን ሁሉንም ከኪሱ ያወጣል። በክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ እስከ ዓባይ በረሃ ጭነት መኪና መከራየት ስንት እንደሚያስወጣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ሁለት ቃል ጨምሪ የተባልሽው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ኃላፊሽ ይህን አስበው አድርገውታል አልልም፤ ብዙ ኃላፊ እንዲህ ያለውን ዝርዝር አያውቀውም። ፋይናንስ ግን ያውቀዋል፣ ኦዲተርም ያውቀዋል።

ሌላው ቅሬታ ነው። ጋሼ ዝውውሩን ልቀበል ይላሉ ዛሬ። ነገ ሐሳባቸውን ቢለውጡና ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ቢያመለክቱ፣ ከዚያም አልፎ ወደ አስተዳደር ፍርድ ቤት ቢሄዱ፣ ማኅተም ያለው የመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛ ዜና «በራሳቸው ጥያቄ» ይላል። ዜናው ሲወጣ ዝም ብለው ነበር ይባላሉ። ማን ያነበዋል የሚሉት ጓደኞችሽ እንዲህ ያለ ወረቀት ጠበቃ እጅ ሲገባ እንዴት እንደሚነበብ አላዩም።

አንድ ነገር ደግሞ ደብዳቤያቸውን አስወጥተሽ እይ፦ ደረጃቸውና ደመወዛቸው እንደተጠበቀ ነው ይላል? ከቡድን መሪነት ወደ ባለሙያነት ሲወርዱ ደመወዙም አብሮ ከወረደ ጉዳቱ በእነዚህ ሁለት ዓመታት አያበቃም። የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው። አሁን የሚነካው እያንዳንዱ ብር 60 ዓመት ከሞላቸው በኋላም፣ እሳቸውም ከሌሉ በኋላ ለባለቤታቸውም ይከተላል። ሰውን ከደረጃው ዝቅ ማድረግ ደግሞ በሕጉ ከዲሲፕሊን ቅጣቶች አንዱ ነው። ደብዳቤው ስለ ደመወዝ ዝም ካለ ዝምታውን በጽሑፍ ያስመልሱ።

ስለዚህ የጋሼ «የታዘዝሽውን ጻፊ» ለእኔ ፈቃድ አይደለም። አንቺን ማዳናቸው ነው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ በዚህ ዕድሜያቸው ልጅ ላስጨንቅ አይሉም። ሄደሽ ስለ ጓዙ፣ ስለ ቅሬታው፣ ስለ ጡረታው አስረጂያቸው። ይህን ሁሉ ሰምተው «እኔም ብሄድ ደስ ይለኛል፣ በራሴ ጥያቄ ብለሽ አውጪው» ካሉሽ ያኔ ሌላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን የራሳቸው ማመልከቻ በማኅደራቸው ይግባ። ማመልከቻ በሌለበት ጥያቄ የለም።

ኃላፊሽ ያሉት ነገር ጨርሶ ባዶ አይደለም፤ እውነቱን ልንገርሽ። ተገፍቶ ሄደ መባልን የሚጠላ ብዙ ሰው አለ። ሲነሣ «እኔው ጠይቄ ነው» ብሎ ራሱን ያስከበረ ባልደረባ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ያ ሽፋን የሠራተኛው ነው፣ ሲፈልግ የሚለብሰው። ሌላ ሰው አልብሶት «ለክብርህ ነው» ሲለው ግን ክብሩ ለማን እንደሆነ ሁሉም ያያል። ደግሞ ማንን ለማታለል? ጎጃሜ ሰሌዳ ላይ ያለን ማስታወቂያ እንደ ቅኔ ነው የሚፈታው። ከስድስት ዝውውር አምስቱ ባዶ ሆኖ ስድስተኛው ላይ ብቻ «በራሳቸው ጥያቄ» ቢል፣ ያቺ መስመር ጋሼ ግምገማው ላይ የተናገሩትን እንደገና በሁሉም ጆሮ ታነባለች። ኃላፊሽ ሊሸፍኑት ያሉትን ነገር ራሳቸው ሊያስነግሩት ነው። ይህን ለራሳቸው ብትነግሪያቸው ይገባቸዋል ብዬ አስባለሁ።

እንዴት ትነግሪያቸዋለሽ? በመርሕ አትግቢባቸው። «ሕሊናዬ አይፈቅድም» ካልሻቸው ነገሩ የእልህ ይሆናል፣ በእልህ ደግሞ የምትሸነፊው አንቺ ነሽ። የአሠራር ጉዳይ አድርጊው፦ «የሠራተኛ ዜና የሚወጣው ከደብዳቤ ነው፤ የደብዳቤ ቁጥርና ቀን ያለውን ብቻ አወጣለሁ፤ የዝውውር ምክንያት ለማንም አልጽፍም» በያቸው። ለስድስቱም አንድ ዓይነት ዐረፍተ ነገር ስጪ፦ እገሌ ከዚህ የሥራ ክፍል ወደዚህ የሥራ ክፍል ተዛውረዋል፣ በቃ። በፈቃዱ የሄደውም፣ ተገዶ የሄደውም፣ ሚስቱን ተከትሎ የሄደውም እኩል ይውጣ። ኃላፊዎች የማይወዱት እምቢታ ነው እንጂ ለሁሉም የሚሠራ ደንብ አይደለም።

እምቢ ካሉ ረቂቁን በማስታወሻ አያይዘሽ አቅርቢ፤ «በደብዳቤው ላይ የሠራተኛው ጥያቄ ስላልተገለጸ እንዲመራልኝ» ብለሽ። ጠርዙ ላይ በእጃቸው «ይጨመር» ብለው ፈርመው ከመለሱልሽ፣ ኃላፊነቱ የት እንዳለ የሚያሳይ ወረቀት አለሽ። ልምዴ ግን እንዲህ ነው፦ በቃል የሚታዘዘው ብዙ ነገር በጽሑፍ ምሩ ሲባል ይቀራል።

አሁን ወደ ቴሌግራሙ። አካውንቱን ዛሬ ብትከፍቺ ነገ ቡና ላይ ስምሽ ይጠራል። በመሥሪያ ቤትሽ ዐረፍተ ነገር የሚያሳምሩ ስንት ሰዎች አሉ? አራት ነጥብ አጠቃቀምሽ እንኳን ያሳብቅብሻል። ከአንቺ በላይ የሚጎዳው ግን የጋሼ ጉዳይ ነው። ያነሡት የክትባት ቁጥር ጉዳይ በሐሜት መልክ ከወጣ የአሉባልታ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። መዝገቡን፣ ታሊውን (የተከተቡት የሚቆጠሩበትን ቅጽ)፣ ሪፖርቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ማመሳከር ማንኛውም ድጋፋዊ ክትትል የሚወጣ ባለሙያ የሚያደርገው ተራ ሥራ ነው። በዚያው በተራው መንገድ ይቀጥል። ቁጥሩ እውነት ከተጋነነ ደግሞ ሐሰቱ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም፤ ተከተበ የተባለው ሕፃን ሳይከተብ ይቀራል፣ ኩፍኝ ሲገባ ሪፖርቱን አይጠይቅም። ይህን ጉዳይ ማንሣት የምትፈልጊ ከሆነ በስምሽ፣ ለሚመለከተው፣ በግልባጭ አንሺው። ወይም ተዪው። የምናምን ስም ለብሰሽ ግን አታንሺው።

ስለ ዜናሽ ደግሞ ሳትጠይቂኝ ልናገር፣ አምዱ የኔ ነውና። አራት ገጽ ካለሽ ለጋሼ ግማሽ ገጽ ስጪ። የዝውውሩን መስመር አጭር አድርጊና ሥራቸውን አስረዝሚ። ስለ እሳቸው አንቺ አትጻፊ፤ መጀመሪያ ያሠለጠኗቸውን ሁለት ሦስት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አናግሪ። አሁን ዕድሜያቸው ገፍቶ ይሆናል፣ የራሳቸው ልጆች አድርሰዋል። በዚያን ጊዜ ሽንት ቤት ቆፍሩ ሲባል የተቆጣውን አባወራ፣ በክረምት ወንዝ ሞልቶ ማዶ ያደሩበትን ሌሊት እነሱ ይንገሩሽ። በአንድ ጤና ጣቢያ ሥር አምስት ጤና ኬላ አለ ይባላል በወረቀት፤ አምስቱን በእግሩ ያዳረሰ ሰው ምን እንደሚመስል ግን ዜናሽ ላይ አንድም ቀን የወጣ አይመስለኝም። ኃላፊ ሲሾም በፎቶ ግማሽ ገጽ፣ ሠላሳ ዓመት የጠረገች የጽዳት ሠራተኛ ጡረታ ስትወጣ አንድ መስመር፤ ሰው ዜናውን የማያነበው ለዚህ ነው። ርእሱ ሁሉ «ተገለጸ» ብሎ ሲያልቅ ደግሞ ምን እንደተገለጸ ለማወቅ የሚጓጓ የለም።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እንዲህ መንገድ አስተማማኝ ባልሆነበት ጊዜ ማን በየትኛው ቀን ወደ የት እንደሚጓዝ አታውጪ። ዝውውሩ የሚወጣው ሰውየው ደርሶ ሥራ ከጀመረ በኋላ ይሁን። ይህን ለኃላፊሽ ብታቀርቢ የሚቃወሙት አይመስለኝም፣ ለጋሼም ጊዜ ይሰጣቸዋል። ዜናው እስኪወጣ የጓዝ ጥያቄያቸውን አስገብተው፣ ስለ ደረጃቸው በጽሑፍ ተመልሶላቸው ይሆናል።

የባለቤትሽ ነገር ገብቶኛል፤ እንጀራ ቀልድ አይደለም። ግን ካልኩት ውስጥ እንጀራሽን የሚያሳጣ አንድም የለም። ለኃላፊሽ የምታቀርቢው የተጣራ ረቂቅና አንድ ማስታወሻ ነው። ጋሼን ስትሸኙም ሠራተኛው ተዋጥቶ ጋቢ ይግዛላቸው እንጂ ሽኝቱን ስብሰባ አታድርጉት፤ ንግግር የሚወዱ ሰዎች ይበዙበታል።

ኃላፊሽ ከዚህ ሁሉ በኋላ «እንግዲያው የእሳቸውን መስመር ጨርሶ አውጪው» ቢሉሽ አትከራከሪ፣ ይውጣ። ያልተጻፈ ዝውውር ማንንም አይጎዳም፤ ደብዳቤው ማኅደራቸው ውስጥ አለ። ግማሽ ገጹን ግን ለሚቀጥለው እትም ያዢው።

የጓዙን ነገር ከሁሉ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ጥያቄው ከመሄዳቸው በፊት ቢገባ ይሻላል።