መጀመርማ ማን ያቅተዋል?

ጥያቄ፦ ሦስት ረጅም ልብ ወለዶች ጀምሬ ሦስቱም ምዕራፍ አራት ላይ ቆመዋል። ስንፍና ይሆን? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይመስለኝም፤ ሰነፍ ሦስት ጊዜ አይጀምርም። ያልለመዱት መጨረስን ነው። ረጅሙን ለጊዜው ያቆዩትና ከአራት አምስት ገጽ የማይበልጥ አጭር ልብ ወለድ ይጻፉ። ባይጥምዎትም እስከ መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ያድርሱት፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ከአያት ከቅድመ አያት ይነሣና ገጸ ባሕርያቱ ገና ሳይገናኙ ጉልበቱ ያልቃል። አጭር ልብ ወለድ ግን አንድ ሰው፣ አንድ ጭንቅ፣ ቢበዛ አንድ ቀን ይበቃዋል። ተከራዩ የኪራይ ቀን እንዲራዘምለት ሊለምን አከራዩ በር ላይ ቆሟል፤ በቃ፣ ከዚያ ይጀምሩ። የት እንደ ተወለደ ማን ጠየቀዎት?

ጥያቄ፦ ምልልስ ስጽፍ ሁሉም ሰው እንደ ዜና አንባቢ ይናገርብኛል።

መልስ፦ የብዙዎቻችን ሕመም ነው። «አባዬ፣ ገንዘብ ስለ ቸገረኝ አበድረኝ።» «የለኝም ልጄ።» ይህ ማመልከቻና መልሱ ነው። እስቲ ይህንን ይዩት፦

«ዛሬ ቡና የለም እንዴ አባዬ?»
«ስኳር አልቋል።»
«ልግዛ?»
«በምን?»

ስለ ብር ማንም አልተናገረም፤ የሁለቱም ኪስ ባዶ መሆኑ ግን ታወቀ። አክብሮትንም ይጠቀሙበት፦ አከራይዋን «እርስዎ» ስትል የኖረች ተከራይ በጠቡ መሐል «አንተ» ካለችው፣ «በጣም ተቆጣች» ብሎ መጨመር ቀለም ማባከን ነው። ሲጨርሱ ጮክ ብለው ያንብቡት፤ ምላስዎን ያደናቀፈውን ይሰርዙ።

ጥያቄ፦ 47 ዓመቴ ነው። አልዘገየሁም?

መልስ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ሐዲስ ዓለማየሁ 50ን አልፈው ነበር።

ጥያቄ፦ ስለ አጻጻፍ በአማርኛ ምን ላንብብ?

መልስ፦ የዳኛቸው ወርቁን «የጽሑፍ ጥበብ መመሪያ» ካገኙት አይለፍዎት። ግን አንብቤ ስጨርስ እጽፋለሁ እንዳይሉ፤ ጎን ለጎን ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ያለኝ ስልኬና ማታ ግማሽ ሰዓት ነው።

መልስ፦ ይበቃሻል እኅቴ። ታሪኩን በአንድ ማታ ልጨርስ አትበይ፤ አንድ ትዕይንት ብቻ፣ ለምሳሌ ሁለት ሰዎች ወጥ ቤት ውስጥ። ፊደል መልቀሙ ከሰለቸሽ በድምፅ ቅረጪውና በዕረፍት ቀንሽ ገልብጪው። ስለ አሠሪዎችሽ ከሆነ ስሙንም፣ ሰፈሩንም፣ የልጆቹንም ቁጥር ቀይሪ። የጻፍሽውን ደግሞ ለራስሽ በኢሜይል ላኪ፤ ስልክ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ያነቡና «አሪፍ ነው» ብቻ ይሉኛል።

መልስ፦ ምን ይበሉ፣ ነገ ቡና አብረው ሊጠጡ! «እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቋቸው። «የቱ ጋ ሰልችቶህ ስልክህን አነሣህ?» ይበሏቸው። ሁለት አንባቢዎች አንድ ገጽ ከጠቀሱ ያንን ገጽ ይቁረጡት።