የአውትፊልደርን መከላከል በቁጥር ማመን ይቻላል? ጥያቄያችሁን አምጡ

ሰላም ቤተሰብ። ቅዳሜ ማታ የቤዝቦል ጨዋታ እያየን የአንድ ሴንተር ፊልደር (የመሀሉ አውትፊልደር) ነገር ተነስቶ ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደ፣ አንዱ በቁጥር ከሊጉ አንደኛ ነው ይላል፣ ሌላው እኔ ሲስት በአይኔ አይቻለሁ ይላል። ብዙ ሰው ጥያቄ ስላለው ዛሬ ቁጭ ብዬ የመጣውን ልመልስ። እኔ ዲሲ አካባቢ ነኝ፣ የዋሽንግተኑን ቡድን ናሽናልስን ከ2012 ጀምሮ ስከታተል ነው የኖርኩት፣ ልጄም ሴንተር ፊልድ ነው የሚጫወተው። ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ለጀማሪ ከስር ጀምርልን። አውትፊልደር ማለት ራቅ ብለው ሳሩ ላይ የሚቆሙት ሶስቱ ናቸው አይደል? ድሮ እነሱን በምን ነበር የሚለኩት?

መልስ፦ አዎ፣ የግራው፣ የመሀሉና የቀኙ። ድሮ የሚታየው ስህተት ብቻ ነበር፣ ፊልዲንግ ፐርሰንቴጅ የሚሉት ማለት ነው፣ ከነካካቸው ኳሶች ስንቱን ያለ ስህተት ጨረሰ የሚል። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ያልደረሰበት ኳስ ስህተት አይባልበትም። ሁለት ልጆች አስብ፣ አንዱ 30 ሜትር ሮጦ ጓንቱን አስነክቶ ኳሷ ታመልጠዋለች፣ መዝጋቢው ደስ ካላለው ስህተት ይጽፍበታል። ሌላው ከባድ እግር ነው፣ እዛው ቆሞ ኳሷ ፊቱ ስትወድቅ ያያል፣ ለመቺው ሂት (የተሳካ ምት) ይጻፍለታል፣ እሱ ግን ንጹህ ነው። በዚ አይነት ቀርፋፋው ከፈጣኑ የተሻለ ቁጥር ይዞ ሲዝኑን ይጨርሳል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ልጆቻችንን ዛሬም በዚ የሚመዝኑ አሰልጣኞች አሉ።

ጥያቄ፦ እሺ አሁን ስለ መከላከል ሲያወሩ ዲ አር ኤስ (ዲፌንሲቭ ራንስ ሴቭድ)፣ ዩ ዚ አር (አልቲሜት ዞን ሬቲንግ)፣ ኦ ኤ ኤ (አውትስ አባቭ አቨሬጅ) ሲሉ እሰማለሁ፣ ሶስቱም አንድ ነገር አይደሉም እንዴ?

መልስ፦ አይደሉም፣ ክርክሩ ግማሹ የሚመጣው ከዚ ነው። ዩ ዚ አር እና ዲ አር ኤስ (ሁለተኛው ቁጥሩ ከ2003 ጀምሮ አለ) መሰረታቸው ሰው ቪዲዮ እያየ የሚመዘግበው ነው፣ ኳሷ የት አረፈች፣ ምን ያህል በሀይል ተመታች፣ ከፍ ብላ ነው ዝቅ ብላ፣ ከዛ እዛ ቦታ የወደቀችን እንደዛች ያለች ኳስ የሊጉ ሴንተር ፊልደሮች ከመቶ ስንቱን ይቀልባሉ ብሎ ማወዳደር። ኦ ኤ ኤ ግን ከስታትካስት ነው የሚመጣው፣ የኳሷንና የተጫዋቹን እንቅስቃሴ በመሳሪያ ከሚለካው የሊጉ ሲስተም። ስታትካስት በ2015 በ30ዎቹም ስቴዲየሞች ተተከለ፣ የአውትፊልደር ኦ ኤ ኤ ከ2016 ጀምሮ አለ። እሱ ሰውየው የት ቆሞ እንደነበር፣ ኳሷ አየር ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆየች፣ ስንት ጫማ መሮጥ እንደነበረበት፣ ወደ ፊት ነው ወደ ኋላ፣ ግድግዳ አጠገብ ናት ወይ የሚለውን ሁሉ ይዞ ይቺ ኳስ የመቀለብ እድሏ ይሄን ያህል ነው ይላል። እድሏ 80 በመቶ ከሆነና ከቀለባት 0.20 ይጨመርለታል፣ ከሳታት 0.80 ይቀነስበታል። አመቱን ሙሉ እየደመርክ ትሄዳለህ፣ በቃ ይሄው ነው። ዜሮ ማለት አማካይ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ነኝ፣ ቤዝቦል ብዙም አላውቅም ግን እንዳልከው ከሆነ ይሄ የእግር ኳሱ ኤክስ ጂ (የጎል እድል ግምት) አይደለም?

መልስ፦ ልክ ነህ ወንድሜ፣ በተለይ ለበረኛ የሚሰሩትን ይመስላል፣ ወደ ጎል የመጣው ኳስ የመግባት እድሉ ይሄን ያህል ነበር፣ እሱ ግን ስንቱን አዳነ የሚለውን። ልዩነቱ በረኛው የሚቆምበት ቦታ ጎሉ ነው፣ የአውትፊልደሩ መቆሚያ ግን በየመቺው ይቀያየራል፣ ከታች እመጣበታለሁ።

ጥያቄ፦ የናሽናልሱ ሴንተር ፊልደር ቪክቶር ሮብለስ በ2019 በኦ ኤ ኤ አንደኛ ነበር፣ በቀጣዩ አመት ከዜሮ በታች ወረደ። መቅለብ ረሳ ወይስ ቁጥሩ ነው የዋሸው?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ያኔ እየተመላለስኩ ሳየው ነበር፣ በ2019 ኦ ኤ ኤው 23 ነበር፣ ከአውትፊልደሮች ሁሉ በላይ፣ ናሽናልስም የዛን አመት ወርልድ ሲሪስን፣ የሊጉን ዋንጫ ማለት ነው፣ በሉ። ከዛ 2020 መጣ። አንደኛ 2020 በኮቪድ ምክንያት 60 ጨዋታ ብቻ ነው የተካሄደው። አንድ ሴንተር ፊልደር አመቱን ሙሉ ሲጫወት 400 ገደማ ኳስ ይቀልባል፣ ከነሱ ውስጥ አብዛኛው ደረጃ ያለው ሰው ሁሉ የሚቀልበው ነው፣ ጎበዙን ከሰነፉ የሚለዩት ጥቂት ደርዘን ኳሶች ናቸው፣ 60 ጨዋታ ላይ ደግሞ እነዛ ጥቂቶች የጣት ቁጥር ይሆናሉ። ሁለት ኳስ አንድ ክንድ ያህል ርቃ ብትወድቅ ቁጥሩ ይገለበጣል። ሁለተኛ በዛው አመት መለኪያው ራሱ ተቀየረ፣ ስታትካስት ከራዳር ወደ ሆክ አይ ካሜራ ገባ። ሶስተኛውን ግን መካድ አልችልም፣ የሮብለስ የሩጫ ፍጥነትም ወርዶ ነበር።

እና እኔ የምጠቀምበት መንገድ ይሄ ነው። ፍጥነት ቶሎ የሚታወቅ ነገር ነው፣ ሰውየው በሰከንድ ስንት ጫማ እንደሚሮጥ ለማወቅ ጥቂት ሳምንት ይበቃሃል (የሊጉ አማካይ 27 ነው፣ 30 የደረሰ በጣም ፈጣን ይባላል)። የመከላከል ቁጥሩ ሲወርድ ፍጥነቱም አብሮ ከወረደ አምናለሁ። ቁጥሩ ወርዶ ፍጥነቱና መነሻው (ኳሷ ስትመታ ቶሎ መነሳቱ) እንዳለ ከሆነ ግን እጠብቃለሁ፣ ሰውየውን አልፈርድበትም። ለሮብለስ በ2020 የወረደውን ሁሉ አላመንኩም፣ ግማሹን ግን አምኛለሁ፣ ሲነሳ ራሱ ይታይ ነበር እንደበፊቱ አልነበረም።

ጥያቄ፦ ታዲያ አንዱ ልጅ የመከላከል ቁጥሩ 8 ሌላው 3 ካለው ባለ 8ቱ ይሻላል ማለት አይደለም?

መልስ፦ በአንድ አመት ብቻ? አይደለም። የድብደባ ቁጥር ላይ አንድ ሲዝን ብዙ ይነግርሃል፣ መቺው 600 ጊዜ ይቆማል። የመከላከል ቁጥር ላይ ግን ዩ ዚ አርን የሰሩትና የሚጠቀሙት ሰዎች ራሳቸው ሶስት አመት ደምራችሁ እዩ ሲሉ ነው የኖሩት። 20 እና ከዜሮ በታች 15 ከሆነ ግን አትከራከረኝ፣ ያ ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የማይገባኝ አንድ ሰው በዲ አር ኤስ አማካይ፣ በኦ ኤ ኤ ደግሞ ከመጨረሻዎቹ ሲሆን ነው። አንዱ ውሸታም መሆን አለበት።

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ ጋሼ፣ የሚመልሱት ጥያቄ ስለሚለያይ ነው። ኦ ኤ ኤ ሰአቱን የሚጀምረው ሰውየው ከቆመበት ነው። ጥሩ ቦታ አስቀድሞ ቆሞ ኳሷ እጁ ላይ ብትመጣ ቀላል ኳስ ናት ይላል፣ ምንም አይሰጠውም። ዲ አር ኤስና ዩ ዚ አር (የዞን ቁጥሮች የምላቸው) ግን የት እንደቆመ ሳይሆን ኳሷ የት እንደወደቀች ነው የሚያዩት፣ ስለዚ ጥሩ መቆምም ነጥብ ያመጣል፣ መጥፎ መቆምም ያስቀጣል።

ሴንተር ፊልደሩን ዴክስተር ፋውለርን አስታውሱት። ቺካጎ ካብስ እያለ በ2015 ዲ አር ኤሱ በደንብ ከዜሮ በታች ነበር፣ በ2016 ክለቡ ወደ ኋላ ሸሽ በል አሉት፣ ሸሸ፣ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ወጣ። እግሩ በአንድ ክረምት አልፈጠነም፣ የመቆሚያ ቦታው ነው የተቀየረው። በዛው አመት ፒትስበርግ የራሳቸውን ሴንተር ፊልደር አንድሩ ማካቸንን ወደ ፊት አስጠጉት፣ ከጭንቅላቱ በላይ የምታልፈው ኳስ በዛች፣ ዲ አር ኤሱ ከዜሮ በታች 28 ገባ። ያን ጊዜ ሰው ሁሉ አለቀለት ሲል ነበር። አርጅቶም ሊሆን ይችላል፣ እሺ፣ ግን የክለቡን ውሳኔ ሙሉ በሙሉ በልጁ ትከሻ ላይ መጫን ትክክል አይደለም፣ በዛ ቁጥር ነው የሰው ደሞዝ የሚደራደሩበት እኮ! እኔ የምለው፣ ባለፈው አመት ቡድኑ ምን አተረፈ ለማለት ዲ አር ኤስን እያቸው፣ ለሚቀጥለው አመት ማንን ላስፈርም ከሆነ ግን ኦ ኤ ኤን አስቀድሙ፣ የመቆሚያውን ወረቀት ኪሱ የሚከትለት አሰልጣኝ አብሮት አይሸጥማ።

ጥያቄ፦ ቦስተን ነኝ። የኛ ግራ ፊልደሮች ሁልጊዜ መጥፎ ቁጥር የሚወጣላቸው ለምንድነው?

መልስ፦ ሁልጊዜ እንኳን አይደለም፣ ግን ግድግዳችሁን ታውቂዋለሽ። ስቴዲየማችሁ ፌንዌይ ላይ የግራው ግድግዳ ከሆም ፕሌት (መቺው ከሚቆምበት) 310 ጫማ ብቻ ነው የሚርቀው፣ ቁመቱ ደግሞ 37 ጫማ። ሌላ ቦታ ተራ የሆነ በራሪ ኳስ እዛ ግድግዳው አናት ላይ ይጋጫል፣ ማንም አይቀልበውም። የዞን ቁጥሮቹ ይሄን ለማስተካከል ይሞክራሉ፣ ግን የድሮውን ግራ ፊልደራችሁን የማኒ ራሚሬዝን ቁጥር ስታይ ምን ያህሉ የሱ ድክመት ምን ያህሉ የግድግዳው ነው የሚለው ክርክር መቼም አላለቀም። ካርል ክራውፎርድም አለ፣ ታምፓ ላይ ሰፊ ሜዳ እየሸፈነ ስሙን ያስጠራ ልጅ፣ ለ7 አመት በ142 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙትና የሜጀር ሊግ ጠባቡ ግራ ፊልድ ላይ አቆሙት። የሚሮጥበት ቦታ ለሌለው ሰው ፍጥነት ምን ይሰራለታል?

ጥያቄ፦ ክንድስ? ውርወራ አይቆጠርም?

መልስ፦ ዲ አር ኤስና ዩ ዚ አር ውስጥ አለ፣ ኦ ኤ ኤ ውስጥ የለም፣ እሱ መቅለብን ብቻ ነው። ስታትካስት በኋላ ፊልዲንግ ራን ቫልዩ የሚል አውጥቶ ውርወራውንም ጨመረበት። አሲስት (ወርውሮ ሯጭ ያስወጣበትን) ብቻ መቁጠር ግን ያሳስታል። የሲያትሉ ኢቺሮ በ2001 ገና እንደመጣ ከቀኝ ፊልድ ሶስተኛ ቤዝ ላይ ሯጩን ቴረንስ ሎንግን የጣለባትን ውርወራ ያየ ሰው ከዛ በኋላ በሱ ላይ መሮጥ ይፈራል። ሯጩ ካልሮጠ አሲስት የለም፣ ጥቅሙ ግን አለ።

ጥያቄ፦ ጎልድ ግላቭ (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) ያገኘ ሁሉ ጎበዝ ነው ብሎ ማመንስ?

መልስ፦ ከ1957 ጀምሮ ያለ ሽልማት ነው፣ የሚመርጡት ማናጀሮችና አሰልጣኞች ናቸው፣ ከ2013 ወዲህ ቁጥር 25 በመቶ ድምጽ ተሰጥቶታል። በፊት ምን ይደረግ እንደነበር ለማየት በ1999 ራፋኤል ፓልሜሮ 28 ጨዋታ ብቻ በተጫወተበት ፈርስት ቤዝ ሸለሙት። በ2022 ሁዋን ሶቶ ቀኝ ፊልድ ላይ ከሶስቱ እጩዎች አንዱ ነበር፣ ኦ ኤ ኤው በጣም ወርዶ እያለ። ልጁን እዚሁ ሲያድግ ስላየሁት እወደዋለሁ፣ ዱላውን የሚያህል የለም፣ ያ እጩነት ግን አይገባውም ነበር። በ2019 ደግሞ ሮብለስ በኦ ኤ ኤ 23 ተቀምጦ ሽልማቱን ሎሬንዞ ኬን ወሰደ፣ ኬን ግን በዲ አር ኤስ በኩል በጣም ጥሩ ስለነበር ተበደልን አልልም።

ጥያቄ፦ ዊሊ ሜይስ በ1954 ጀርባውን ሰጥቶ የቀለባት ኳስ ስንት በመቶ ነበረች?

መልስ፦ ያኔ የሚለካ መሳሪያ የለም። ለዛ ዘመን ያለው የጨዋታ መዝገብ እየታየ የተሰራ ግምት ነው፣ ማን ስንት ኳስ ቀለበ፣ ከኋላው ስንት ሂት አለፈ የሚል። በዛ ግምትም ሜይስ ከላይ ነው፣ የአይን ምስክርም ያንኑ ይላል፣ ሁለቱ ሲስማሙ እኔ አልጨቃጨቅም።

ጥያቄ፦ ሁለት ሰው ሊቀልባት የምትችል ኳስስ? አንዱ እየቀማ ቁጥሩን ቢያሳድግ?

መልስ፦ ያ የዞን ቁጥሮች የቆየ ህመም ነው። ስለ ሴንተር ፊልደሩ አንድሩ ጆንስ ይሄ ክርክር ብዙ ተደርጓል፣ 10 ጎልድ ግላቭ ያለው ሰው፣ ከጎኑ ያሉትን ኳስ ይወስድ ነበር የሚሉ አሉ። እኔ የሱን ታላቅነት አልጠራጠርም፣ ግን ሴንተር ፊልደሩ የወሰዳት ቀላል ኳስ ለቡድኑ ምንም እንዳልጨመረች መታወቅ አለበት።

ጥያቄ፦ ሲያትል ነኝ፣ ልጄ 10 አመቱ ነው። አሰልጣኙ ስህተት የለበትም እያለ ያሞግሰዋል፣ ባልከው መሰረት ግን ልደሰት ወይስ ልጠርጥር? ምን ልቁጠር?

መልስ፦ እህቴ ተደሰቺ፣ ግን ስህተቱን አትቁጠሪ፣ መነሻውን እይ። ስታትካስት ጃምፕ የሚለው ነገር የመጀመሪያዎቹን ሶስት ሰከንዶች ነው የሚያየው፣ በመጀመሪያው አንድ ሰከንድ ተኩል ምን ያህል በቶሎ ተነሳ፣ በሚቀጥለው አንድ ተኩል ምን ያህል ፈጠነ፣ ደግሞ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው ጠማማ። ይሄን በስልክ ማየት ትችያለሽ። ከአጥሩ ጀርባ ሆነሽ ልጁንም መቺውንም አንድ ላይ እያስገባሽ ቅረጪ፣ ማታ ቀስ አድርጋችሁ አብራችሁ እዩት። የኔን ልጅ ሁለት አመት በፊት ስቀርጸው ኳስ በተመታች ቁጥር መጀመሪያ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይወጣ ነበር፣ ከጭንቅላቱ በላይ የምትሄደውም ቢሆን። ስህተት አንድም አልነበረበትም፣ ከኋላው ግን ኳስ ይወድቅ ነበር። አልተቆጣሁትም፣ ቪዲዮውን አሳየሁትና ራሱ አየው። ከዛ ጋራዡ ፊት የቴኒስ ኳስ እየወረወርኩለት መጀመሪያ በቀኝ ወይ በግራ እግሩ ዞሮ እንዲነሳ ለመድን፣ በቀን 20 ኳስ። ልጅሽ ሮጦ ደርሶ ቢጥላት አጨብጭቢለት፣ ደርሶባታል እኮ።