የፖስታ ሣጥን ለሌላት እናት ደብዳቤ እንዴት ይላካል?

ጥያቄ፦ እናቴ ደሴ ነው የምትኖረው። በስልክ ሁሌ እንገናኛለን፤ በእጄ የጻፍኩት ደብዳቤ ግን አንድም ቀን ደርሷት አያውቅም። የፖስታ ሣጥን የላትም፣ ማንበብም አትችልም። እንዴት ልላክላት? ምን ብዬስ ልጻፍ?
የደሴ ልጅ፣ ከሲያትል

መልስ፦ ሣጥን ያለው ሰው ይፈልጉ። አገር ቤት ደብዳቤ በአብዛኛው በየቤቱ አይታደልም፤ ባለሣጥኑ ፖስታ ቤት ሄዶ ያወጣል። የዘመድ መሥሪያ ቤት ወይም የጎረቤት ነጋዴ ሣጥን ይበቃል። አስቀድመው ያስፈቅዱ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚከፍቱትም ይጠይቁ፤ መንገዱን ጨርሶ ሣጥን ውስጥ የሚከርም ደብዳቤ አለ።

ፖስታው ላይ የእናትዎ ስም፣ ከሥሩ «በአቶ እገሌ በኩል»፣ ከዚያ የሣጥኑ ቁጥር፣ ከተማው፣ በመጨረሻ አገሩ ለብቻው ይጻፍ። ከተማውና አገሩ የግድ በእንግሊዝኛ ይሁኑ፤ ስሙን በአማርኛ ቢደግሙት ደሴ ላይ የሚለየው ሰው አይቸገርም።

አንድ ዓለም አቀፍ ቴምብር እስከ 1 አውንስ (28 ግራም ገደማ) ያስኬዳል። ተራ የአሜሪካ ወረቀት 4.5 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከነፖስታው አራት ወረቀት በሰላም ይሄዳል፣ አምስተኛው ያሠጋል። ፎቶ ከጨመሩ አንድ ወረቀት ይቀንሱ። ብር አያስገቡ። የጄል እስክሪብቶ ቀለም እርጥበት ሲነካው ሊዘረጋ ይችላል፤ ቢክ ይሻላል።

ወደ ጽሑፉ ስንመጣ፣ እናትዎ ደብዳቤውን የሚሰሙት ሲነበብ ነው። አንባቢው የጎረቤት ተማሪ ሊሆን ስለሚችል ምስጢሩን ለስልክ ያቆዩት። ፊደሉን ጎላ፣ ዓረፍተ ነገሩን አጠር ያድርጉ፤ ልጁ ትንፋሽ የሚወስደው አራት ነጥቡ ላይ ነው። «ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ» የሚለውን አይዝለሉ። ያረጀ ቢመስልዎትም እናት መጀመሪያ ጆሮዋን የምትጥለው እሱ ላይ ነው። ቀጥሎ በስልክ ለመናገር የማይታሰበው ይግባ፦ የላኩልዎት በርበሬ ከዕቃው ሥር ስንት ማንኪያ እንደቀረ፣ ጋቢው ከሶፋው ላይ እንደማይነሳ። ሰላምታውን በስም ይዘርዝሩ፤ ደብዳቤ ሲነበብ ጎረቤት አይጠፋም፣ ስሙ የተዘለለም ይቀየማል።

መልስ ከፈለጉ አድራሻዎ የተጻፈበት ባዶ ፖስታ አጥፈው ይጨምሩ፤ ያኔ ወረቀቱ ሦስት ይሁን። ቴምብሩ ግን ከደሴ ይገዛ፣ የአሜሪካው እዚያ አይሠራም።