ከበሮውን ኮምፒውተር ውስጥ ማስገባት፦ የጥያቄና መልስ ምሽት

ሰላም የባሕር ዳር የሙዚቃ ልጆች። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ማታ ስለ ሙዚቃ ሶፍትዌር፣ ስለ ቪኤስቲ (ሶፍትዌሩ ውስጥ የሚጫን የመሣሪያ ወይም የኢፌክት ፕሮግራም፣ ፕለጊን) እና ስለ ድራም ፕለጊን የምትጠይቁትን እመልሳለሁ። ሥራዬ ማቀናበር ነው። ከሁሉም በላይ የምወደው ደግሞ ከበሮና ችክችካ ነው፤ እዚያ ላይ ብዙ ብናገር አትቆጡኝ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ፦ ምን ኮምፒውተር፣ ምን ሶፍትዌር፣ ምን ሳውንድ ካርድ። ክራክ (ፈቃዱ የተሰበረ የስርቆት ሶፍትዌር) ደግሞ አትጠይቁኝ።

የፔዳ ተማሪ፦ ጋሼ እንደምን አመሹ። ላፕቶፔ 8 ጂቢ ራም ነው። ኤፍኤል ስቱዲዮ፣ ኪዩቤዝ ወይስ ሪፐር ልጀምር?

መልስ፦ ሦስቱም ሙዚቃ ይሠራሉ። ገንዘብ ካጠረህ ሪፐር ያዝ። 60 ቀን ምንም ሳይቆለፍብህ ትሞክረዋለህ፤ ለግለሰብ ፈቃዱ 60 ዶላር ነው። የኤፍኤል መሞከሪያ ሴቭ ያደርግልሃል፣ ግን ያስቀመጥከውን ፕሮጀክት መልሶ አይከፍትልህም። ይህን ሳያውቅ ሥራው እንደታሰረ የቀረበት ልጅ ብዙ ነው። ከገዛኸው ግን የሚቀጥሉትን ቨርዥኖች በነጻ ታገኛለህ። አንዱን ምረጥና ሌላውን እርሳው።

የሠርግ ኪቦርዲስት፦ ለባለሙያ ኪዩቤዝ ነው። ቪኤስቲን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1996 ያመጣው ስታይንበርግ ነው፣ የኪዩቤዝ ባለቤት።

የሽምብጥ ልጅ፦ እና ምን ይጠበስ? እኔ በኤፍኤል ሠርቼ ሬዲዮ ላይ ተለቋል።

የሠርግ ኪቦርዲስት፦ ሬዲዮ ላይ መለቀቅና በጥራት መሠራት ይለያያል ወንድሜ።

መልስ፦ እዚህ ላይ ይብቃ። አድማጭ በምን እንደሠራችሁት አይጠይቅም። ቀጣይ።

ከፖሊ፦ ያማሃ ኪቦርዴን በዩኤስቢ አገናኝቼ ቪኤስቲ እጫወታለሁ። ቁልፉን ከነካሁ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ዊንዶውስ፣ ሪፐር፣ ሳውንድ ካርድ የለኝም።

መልስ፦ ጥሩ አድርገህ ጠየቅክ። የላፕቶፑን የራሱን ድራይቨር ተውና አሲዮ ፎር ኦል የሚባለውን ነጻ ድራይቨር ጫን። ከዚያ ባፈር ሳይዙን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ድምፁን በአንዴ የሚያዘጋጅበትን መጠን፣ እይ። በ44.1 ኪሎኸርዝ 512 ማለት ወደ 11.6 ሚሊሰከንድ ነው፣ 128 ደግሞ ወደ 2.9። ድራይቨሩ የሚጨምረው ሌላ አለ። ስትጫወትና ስትቀርጽ 128 አድርገው። ሚክስ ስታደርግ ወደ 512 ወይም 1024 መልሰው፣ ፕሮሰሰሩ ይተንፍስ። ኪቦርዱ ላይ ሎካል ኮንትሮል የሚለውን አጥፋ፤ አለዚያ የኪቦርዱም የቪኤስቲውም ድምፅ ተደራርቦ ይሰማሃል።

የሽምብጥ ልጅ፦ ጋሼ፣ ችክችካ ስሠራ ሮቦት ይመስላል። ኤፍኤል ላይ ነኝ። የተሻለ ድራም ፕለጊን ልግዛ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አትግዛ። ፕለጊኑ ምንም አልበደለህም፤ ችግሩ ምቱን የምታስቀምጥበት ቦታ ነው።

ኤፍኤልን ስትከፍት የሚሰጥህ 16 ሳጥን ነው። ያ ለ4/4 የተሠራ ነው። ችክችካ 6/8 ነው። 16 ሳጥን ውስጥ በግድ ካስገባኸው ከመነሻው ይጣመማል። ከቨርዥን 20 ጀምሮ ታይም ሲግኔቸሩን 6/8 ማድረግ ይቻላል። ፓተርኑን 12 ሳጥን አድርገው፤ ሁለት ሳጥን አንድ ምት ይሆናል፣ ስድስት ምት አንድ ባር።

ቴምፖው ላይም ብዙ ሰው ይሳሳታል። አብዛኞቹ ሶፍትዌሮች የሚቆጥሩት ኳርተር ኖት ነው። እስክስታ የሚወርድ ሰው ግን በስድስቱ ምት ውስጥ የሚረግጠው ሁለቴ ነው። አንዱ እርግጫ አንድ ተኩል ኳርተር ኖት ነውና፣ እግርህ በደቂቃ 120 ከረገጠ ሶፍትዌሩ ላይ 180 ጻፍ። «ዘፈኑ ይጎተትብኛል» የሚለኝ ልጅ ችግሩ ብዙ ጊዜ ይሄ ነው።

አሁን ስድስቱን ቁጠር። ወፍራሙን የከበሮ ድምፅ 1 ላይ አድርግ፣ ቀለል አድርገህ ደግሞ 4 ላይ። ቀጭኑን 3 እና 6 ላይ። ጭብጨባው 1 እና 4 ላይ ይሁን። ሃይ ሃቱን ስድስቱም ላይ አድርገው፣ ግን በአንድ ኃይል እንዳይሆን። ቬሎሲቲ፣ ማለትም የምቱ ኃይል፣ ከ1 እስከ 127 ነው። እኔ ስጀምር 100፣ 45፣ 75፣ 90፣ 40፣ 80 አድርጌ ነው። 2ኛውና 5ኛው ጎልተው መሰማት የለባቸውም፤ ሲጠፉ ብቻ ነው የሚታወቁት። ከዚያ ቤዙን ወይም ሪም ሾቱን 1፣ 3 እና 5 ላይ ሞክር። ከታች በሁለት፣ ከላይ በሦስት ሲሄድልህ ትከሻህ ራሱ ይነግርሃል።

ቀጥሎ 3ኛውንና 6ኛውን ከ5 እስከ 10 ሚሊሰከንድ ወደ ኋላ ሳብ አድርጋቸው፣ ትንሽ ይዘግዩ። ወፍራሙን አትንካው፣ እሱ ቦታው ላይ ይቆይ። ኳንታይዝ (ምቱን ወደ ሳጥኑ መስመር የሚስበውን) 100 በመቶ አታድርግ፤ ከ50 እስከ 60 ይበቃል። በኪቦርድ በእጅህ ተጫውተህ የቀረጽከው ከሆነ ጭራሽ ባትነካው ይሻላል። ደግሞ አንዱን ባር ኮፒ አድርገህ እስከ ዘፈኑ ማለቂያ አትደርድር። ከበሮ መቺ ዘፋኙን እየሰማ ነው የሚመታው፤ አዝማች ሲደርስ ይጨምራል፣ ግጥሙ ሲጀምር ይቀንሳል። አንተም እንደዚያ አድርግ። የጎጃም ሰርግ ላይ አንድ ምሽት ቁጭ ብለህ የመቺውን እጅ ብቻ ተመልከት፤ የትኛውም ፕለጊን ያንን አያስተምርህም።

ስም የለሽ፦ ኢዚድራመር ክራክ ያለው ሰው? ሊንክ ላኩልኝ።

መልስ፦ ከላይ ተናግሬያለሁ። ክራክ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፣ ፋይል ይበላል፣ የሠራውንም ሰው ይዘርፋል። ኤምቲ ፓወር ድራም ኪት ነጻ ነው። ስቲቨን ስሌት ድራምስ ነጻ ዕትም አለው። እነሱን ጨርስና ከዚያ እንነጋገር።

ከሰባታሚት፦ ጋሼ፣ የጥምቀት ዕለት በስልኬ የቀረጽኩት የከበሮ ድምፅ አለ። ቆርጬ ቢት ልሥራበት?

የዜማ ተማሪ፦ ወንድም ዓለም፣ የማኅሌት ከበሮ ለዘፈን አይሆንም። ከጸናጽሉና ከመቋሚያው ጋር የራሱ ሥርዓት አለው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ድምፅ ድምፅ ነው። ቆርጦ ኢፌክት ቢጨምርበት ማን ይለየዋል?

የዜማ ተማሪ፦ ጣና ዳር ተቀምጠህ እንዲህ ትላለህ? እዚህ ሕፃን ልጅ እንኳ ይለየዋል።

መልስ፦ ቆዩ፣ ቆዩ። እኔ አልጠቀምበትም፣ ማንንም አልመክርም። ሥርዓቱን አባቶችን ጠይቁ። በሙያው በኩል ካያችሁት ደግሞ እልልታው፣ ጭብጨባውና ጸናጽሉ ከበሮው ላይ ተጣብቆ ነው የሚገኘው። ልትለየው አትችልም። ሰርግ የሚመታ ልጅ ጥራ፣ ሒሳቡን ክፈለው፣ ንጹሕ ድምፅ ቅረጽ።

የፔዳ ተማሪ፦ እሺ ጋሼ፣ እንዴት ነው የሚቀረጸው? አንድ ኮንደንሰር ማይክና ሁለት መግቢያ ያለው ሳውንድ ካርድ አለኝ።

መልስ፦ ማይኩን ከማሰብህ በፊት ቆዳውን እይ። በክረምት፣ በተለይ ሐይቁ አጠገብ ከሆንክ፣ ቆዳው እርጥበት ይጠጣና ይላላል። ድምፁ ይወርዳል፣ ቀጭኑ ምት ይሞታል። ፀሐይ ላይ አስጣው፣ ወይም ከእሳት ራቅ አድርገህ አሙቀው። ሲቀዘቅዝ እንደገና ይላላል፤ ስለዚህ ሁሉንም ምት በአንድ ቁጭታ ጨርስ። ዛሬ ግማሹን፣ ነገ ግማሹን ከቀረጽክ ሁለት ከበሮ ነው የሚመስለው።

ክፍሉን በብርድ ልብስና በፍራሽ አፍነው። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ፣ ባጃጁ ጋብ ሲል ይሻላል፤ ጎረቤትን አስቀድመህ አነጋግር። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነ ዝናብ ሲዘንብ አትሞክረው።

ማይኩን ከወፍራሙ ገጽ አንድ ክንድ ያህል አርቀው፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አዙረህ። ሌላ ማይክ ከተበደርክ በቀጭኑ በኩል አድርገውና የአንዱን ፌዝ (የድምፅ ሞገዱን አቅጣጫ) ገልብጠህ አዳምጥ። ወፍራሙ ድምፅ ሞልቶ የሚሰማበትን ያዝ። መጠኑን ከፍተኛው ምት ከዜሮ በታች 10 ዴሲቤል አካባቢ እንዲሆን አድርግ። ቀይ መብራት ካየህ ያ ቀረጻ አይሆንም።

አሁን መቺው አንድ በአንድ ይምታልህ፦ በመዳፍ መሃሉን፣ በጣት ጠርዙን፣ በሌላው እጅ አፍኖ። እያንዳንዱን በለስላሳ፣ በመካከለኛና በኃይለኛ። እያንዳንዱንም አራት አምስት ጊዜ። ለምን ይህን ያህል? አንድ ሳምፕል (የተቀረጸ ምት) ብቻ ደጋግመህ ስታጫውት ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል፤ የሽምብጡ ልጅ ሮቦት ያለው ግማሹ ምክንያት ይሄ ነው። በ24 ቢት ዋቭ አስቀምጠው። የእያንዳንዱን መነሻ ጠጋ ብለህ ቁረጥ፣ ባዶ ዝምታ ፊቱ ላይ ካስቀረህ ሁሉም ምት ይዘገይብሃል። ከዚያ ኤፍኤል ላይ ከሆንክ ኤፍፒሲ ውስጥ፣ ሪፐር ላይ ሪያሳምፕሎማቲክ ውስጥ ጫነው። ሲታላ የሚባል ነጻ ሳምፕለርም አለ። በቃ፣ ማንም የሌለው የራስህ ድራም ፕለጊን ሆነ።

ከዘጌ መንገድ፦ ጋሼ፣ ድምፄ ይዘገያል፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ለፖሊው ልጅ የመለስኩትን አንብብ።

የቤተ ሙዚቃ ልጅ፦ ከሌላ ሰው የተላከልኝን ሚዲ (የኖታ ፋይል) ስከፍት ኪኩ ሲንባል ላይ ይመታል። ፕለጊኑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ የተለየው ማፑ ነው፣ ማለትም የትኛው ቁጥር የትኛውን ድምፅ እንደሚያወጣ። በጄኔራል ሚዲ 36 ኪክ ነው፣ 38 ስኔር፣ 42 የተዘጋ ሃይ ሃት፣ 46 የተከፈተ፣ 49 ክራሽ፣ 51 ራይድ። አብዛኞቹ ድራም ፕለጊኖች የማፕ መስኮት አላቸው፣ እዚያ አስተካክል። በቁጥር ተመራ እንጂ በስም አትመራ፤ አንዱ ሶፍትዌር 36ን ሲ1 ይለዋል፣ ሌላው ሲ2።

የፋሲሎ ልጅ፦ ኮንታክት የሚባለው ሳምፕለር 15 ደቂቃ ሠርቶ ይዘጋብኛል።

መልስ፦ ነጻው ኮንታክት ፕሌየር ነው ያለህ። ለፕሌየር ፈቃድ የሌለው ላይብረሪ ከ15 ደቂቃ በላይ አይሠራበትም። አይታለፍም። ለፕሌየር የተሠራ ላይብረሪ ፈልግ።

ስም የለሽ፦ ሚክሴን እንደ ትልቅ ስቱዲዮ የሚያደርግልኝ ፕለጊን ንገሩኝ።

መልስ፦ የለም። ምን ሠራህ? በምን አዳመጥከው? ምኑ ጎደለው? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

ዘፋኟ፦ ጋሼ፣ በአንቺሆዬ የሚሄድ ዘፈን አለኝ። የክራር ቪኤስቲው ከድምፄ ጋር አልገጥም አለ። አቀናባሪው አንቺ ነሽ ከቅኝት የወጣሽው አለኝ።

መልስ፦ እህት ዓለም፣ እሱን አትስሚው። ኪቦርድ አንድን ኦክታቭ 12 እኩል ቦታ ከፍሎ ነው የሚጫወተው። ክራር የሚቃኘው ግን በጆሮ ነው፤ ትዝታም ሆነ ባቲ፣ አምባሰልም ሆነ አንቺሆዬ፣ ከዚያ እኩል ክፍፍል ፈቀቅ የሚሉ ድምፆች አሏቸው። አብዛኛው ሳምፕለር እያንዳንዱን ቁልፍ ለብቻው በሴንት (በግማሽ ድምፅ መቶኛ) ከፍና ዝቅ ማድረግ ይፈቅዳል። አቀናባሪው ያለ ሙዚቃ ያንጎራጎርሽውን ይቅረጽ፣ ከዚያ ክራሩን ወዳንቺ ያምጣው። ኦቶቲዩን ከነካ ደግሞ አምስቱን የቅኝቱን ድምፅ ብቻ ይምረጥ፤ 12ቱን ክፍት ከተወው ጌጡን ሁሉ ይላጨዋል።

የሠርግ ኪቦርዲስት፦ ማሲንቆስ? እኔ በፒች ቤንድ (ድምፁን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው የኪቦርዱ ጎማ) እሠራዋለሁ፣ ማንም አልነቃም።

አዝማሪው፦ እኛ ነቅተናል። በአንድ ጭራ ስንት ነገር እንደምንል በጎማ ይወጣል?

የሠርግ ኪቦርዲስት፦ ባለ ሰርጉ የሁለት ሰው አይከፍልም፣ እኔ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሰርግ ላይ የገንዘብ ነገር ነው፣ ይገባኛል። የሚታተም ዘፈን ላይ ግን አዝማሪ ጥሩ። ከሁሉም ትራክ ማሲንቆው ብቻ እውነተኛ ከሆነ እንኳ ሥራው ይለወጣል። ባሕር ዳር ተቀምጦ ማሲንቆ በማሽን መሥራት ያሳዝነኛል።

ከፖሊ፦ መብራት ሄዶ ፕሮጀክቴ ጠፋ። ማስመለስ ይቻላል?

መልስ፦ ሪፐር ከሆነ በ«አርፒፒ ባክ» የሚያልቅ ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ፈልግ። ከእንግዲህ በየጥቂት ደቂቃው ራሱ እንዲያስቀምጥ አስተካክለው፣ ኮፒውንም ኤክስተርናል ላይ አኑር። መብራት ሲመለስ ኃይሉ ይዘላልና ሳውንድ ካርድህንና ስፒከርህን ነቅለህ ጠብቅ። ክራክም ካለህ አጥፋው፤ ለሦስተኛ ጊዜ ነው የምናገረው።

የሽምብጥ ልጅ፦ ጋሼ፣ እንዳሉት 12 ሳጥን አድርጌ ሠራሁት፣ ነፍስ ዘራ! ግን ከበሮውና ኪኩ አብረው ሲመቱ ይጨማለቃል።

መልስ፦ ጎበዝ! ሁለቱ አንድ ቦታ እየተጋፉ ነው። ኪኩን ከ50 እስከ 60 ኸርዝ አካባቢ ተውለት፤ ከበሮውን ከ80 በታች ቁረጥና 100 አካባቢ ይሙላ። የጣቱ ድምፅ ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ነው፣ እዚያ ትንሽ ብቻ ጨምርለት። ካልበቃህ 4 ላይ ያለውን ኪክ አጥፋው፣ ከበሮው ብቻውን ይዞት ይሄዳል። በላፕቶፑ ስፒከር አትፍረድ፣ በጆሮ ማዳመጫ ስማው። ሉፑን ዛሬውኑ ላክልኝ፣ ከመተኛቴ በፊት እሰማዋለሁ። በዋቭ ይሁን፣ ከበሮውና ኪኩ ለየብቻ።